ከጆይስቲኩ ጀርባ ያሉት በተኖች

ደሴ ላይ ጌም የተማርነው በዓይናችን ነው። ወረፋ እስኪደርሰን ከሚጫወተው ልጅ ጀርባ ቆመን እናያለን። ተራችን ሲደርስ ያየነውን እንሞክራለን። መመሪያ አንብቦ የጀመረ ሰው አላውቅም። ኦሪጅናሉ የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ትንሽ የመመሪያ መጽሐፍ ነበረው። እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ኮፒው ነበር፤ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ ስሙ በእስክሪብቶ ተጽፎበት። አንዳንዱ እንዲያውም ጃፓንኛ ነበር። ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለውን የኳስ ጌም ሜኑውን ማንበብ ሳንችል፣ የትኛው መስመር ላይ ምን እንዳለ በቃላችን ይዘን ነው የተጫወትነው።

በዓይን መማር አይናቅም። ችግሩ፣ የሚተላለፈው የሚታየው ነገር ብቻ ነው። አንዱ ፒያሳ ላይ በሬይንቦ፣ ማለትም ኳሱን ከኋላ በራሱ ላይ አሻግሮ፣ ሰው ካለፈ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሸዋ በር ያሉ ልጆች ሁሉ ይሠሩታል። ኤል 2ን ይዞ ቀስ ብሎ ወደኋላ የሚያፈገፍገውን ልጅ ግን ማንም ልብ አይለውም። ጣቱ ከጆይስቲኩ ጀርባ ተደብቋል። ስክሪኑ ላይም የሚያስጮህ ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ግን እሱ ነው።

ከክረምቱ ወዲህ እንዲህ ያሉትን ነገሮች ደብተር ላይ እየጻፍኩ አንድ በአንድ እየሞከርኩ ነው። ጌሙ ውስጥ አሉ፤ ይጠቅማሉ፤ በወጉ የሚነግራችሁ ግን የለም። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። በተኖቹን የምጽፈው በፕሌይስቴሽን ዲፎልት ነው። ጌም ቤት ከሆናችሁ ከእናንተ በፊት የተጫወተው ልጅ ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሴቲንጉን እዩት።

ከኳሱ ልጀምር። እኛ ጋ ጌም ማለት በቅድሚያ ኳስ ነው።

ዲፌንስ ላይ ኤክስን ተጭኖ መያዝ ከታላላቆቻችን የወረስነው ልማድ ነው። በድሮዎቹ ፊፋዎች ያዋጣ ነበር። ኤክስን ከያዛችሁ ተከላካዩ ራሱ ሮጦ ኳሱን ይነጥቅላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ፊፋ 12 ግን ታክቲካል ዲፌንዲንግ የሚባለውን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ኤክስ ሰውየውን ይከተላል እንጂ አይነጥቅም። መንጠቂያው ኦ ነው፤ እሱንም ሰዓቱን ጠብቃችሁ ትጫናላችሁ። ጌሙ ስሙን ቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ከተባለ በኋላም አሠራሩ ይኸው ነው። ስንቱ ልጅ ግን ዛሬም ኤክስ ላይ ተጣብቆ "ይሄ ተከላካይ ደንዝዟል" እያለ ይጮሃል። ሌጋሲ የሚባለው የድሮው ዘዴ በብዙዎቹ ፊፋዎች ሴቲንግ ውስጥ አለ። ከመጫወታችሁ በፊት ሁለታችሁም በየትኛው እንደሆናችሁ ተስማሙ። ጠብ ያሳጥራል።

አሁን ወደ ኤል 2። ስሙ ጆኪ ነው። ስትይዙት ተከላካያችሁ ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ በጎን ይንቀሳቀሳል። አይሮጥም፣ አይወረወርም። አጥቂው ሲዞር አብሮ ይዞራል። አር 2 ስትጨምሩበት በፍጥነት ያደርገዋል። እኔ ይህን ከያዝኩ ወዲህ ጨዋታዬ ተቀይሯል። ድሮ የምሸነፈው ስፕሪንት ይዤ ወደ ሰውየው ስለምሮጥ ነበር። የሚሮጥ ተከላካይ በአንድ እጥፋት ይታለፋል። በጆኪ የቆመን ተከላካይ ለማለፍ ግን ባለኳሱ ራሱ ሐሳብ ማምጣት አለበት። አብዛኞቻችን ደግሞ ሐሳብ አምጣ ስንባል ኳሱን እንሰጣለን። አምስት አግብቶብኝ "አብሽር" እያለ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኝ የነበረ የሆጤ ልጅ አለ። አሁን ከጨዋታ በኋላ የሚወቅሰው ጆይስቲኩን ነው።

አር 1 ሁለተኛ ተከላካይ ይልካል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይነገረው ዋጋው ነው። አር 1ን ስትይዙ የሚመጣው ተከላካይ ቦታውን ለቆ ነው፤ ትቶት የመጣው ክፍተት ደግሞ ኳሱ የሚገባበት ነው። እኔ የምጠቀምበት ኳሱ መስመር ዳር ሲሆን ብቻ ነው። መሐል ላይ ከሆነ ሰዬን ራሴ እይዛለሁ።

ተጫዋች መቀየሪያው ኤል 1 እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ግን ኤል 1 የሚመርጠው ጌሙ የፈለገውን ነው። የቀኙን ስቲክ ወደምትፈልጉት ተከላካይ አቅጣጫ ነካ ብታደርጉት እሱኑ ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ጣት ያደናግራል፤ እኔም ለሳምንታት የማይመለከተው ልጅ እየመጣብኝ ነበር። አሁን ያለሱ መጫወት አልችልም።

ማጥቃት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ኳስ ይዛችሁ ኤል 1ን ነካ ስታደርጉ ጓደኛችሁ ወደፊት ይሮጣል። ኳሱን ከመስጠታችሁ በፊት ማዘዝ ነው እንግዲህ። ሌላው ከፊፋ 21 ጀምሮ ያለው ፕሌየር ሎክ ነው። ሁለቱን ስቲኮች አንድ ላይ ወደ ውስጥ ስትጫኑ በዚያ ተጫዋች ላይ ትቆለፋላችሁ። ኳሱን ሌላው ይዞ ሳለ እናንተ ሩጫውን ራሳችሁ ትሮጣላችሁ። ያምራል፤ ግን በእውነቱ እኛ ደረጃ ላይ እምብዛም አያስፈልግም።

ሹት ላይ ደግሞ ታይምድ ፊኒሺንግ አለ፤ በፊፋ 19 ነው የመጣው። ኦን ለሹት ከተጫናችሁ በኋላ እግሩ ኳሱን ሊነካ ሲል ደግማችሁ ስትጫኑ፣ ልክ ከመጣ ኳሱ በጣም ይሰምራል፤ ካልመጣ ወደ ጦሳ ተራራ ነው። እኛ ደግሞ በጉጉት ኦን ደጋግሞ መጫን ልማዳችን ነው። በዚህ ምክንያት ስንት የጎል ዕድል እንደባከነ ፈጣሪ ይወቀው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። ሰዓቱን ካልለመዳችሁት አጥፉት።

ፔስ የሚባለውን ሌላውን የኳስ ጌም የምትጫወቱ እንዳትከፉ፣ የእናንተም አለ። አር 1 እና አር 2 አንድ ላይ፤ ሱፐር ካንስል። በፔስ ተጫዋቹ ወደ ኳሱ የሚሮጠው ጌሙ በሚመራው መስመር ነው። ብትጎትቱትም አይለቅም። ሁለቱን ስትይዙ ግን ይፈታል፣ ወደፈለጋችሁበት ይሄዳል። ኳሱ ሊወጣ ሲል ነክታችሁ ውርወራውን ለባላጋራ ከመስጠት ትድናላችሁ። በስህተት የተጫናችሁትን ፓስም እግሩ ኳሱን ሳይነካ ከደረሳችሁ ይሰርዛል። የዚህን ነገር ጥቅም ያሳየኝ የምጫወትበት ጌም ቤት ባለቤት ናቸው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ስኪል የሚባል ነገር አያውቁም። ግን እሳቸውን አሸንፎ የወጣ ወጣት ለማየት ብዙ ቀን መጠበቅ አለባችሁ።

እስካሁን የዘረዘርኩትን ብታዩት፣ ጥሩዎቹ ሁሉ የሚያቆሙ፣ የሚያዘገዩ ወይም የሚሰርዙ ናቸው። ለዚህ ነው ማንም የማያወራቸው። ጎል ይጨበጨብለታል፤ ለተሰረዘ ፓስ ግን አይጨበጨብም።

ከኳስ ስንወጣ የጂቲኤው ሳን አንድሪያስ ይመጣል። ይህ ጌም ነገረን ወይ ብትሉ፣ ግማሹን ነው የነገረን። አምቡላንስ ስትገቡ አር 3ን፣ ማለትም የቀኙን ስቲክ ወደ ውስጥ፣ ተጫኑ ይላል። ለምን እንደምትጫኑት ግን አይልም። እኛም ከተማውን ስናምስ እንውላለን እንጂ በሽተኛ ማመላለስ ማን ይፈልጋል! ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የአምቡላንሱን ሥራ እስከ 12ኛው ደረጃ ከጨረሳችሁ የጤና መጠናችሁ እስከ መጨረሻው ያድጋል። የእሳት አደጋ መኪናውን 12 ከጨረሳችሁ እሳት አይጎዳችሁም። በፖሊስ መኪና ወንጀለኛ የማሳደዱን 12 ከጨረሳችሁ የጥይት መከላከያችሁ ወደ 150 ይወጣል። በታክሲ 50 ተሳፋሪ ካደረሳችሁ ታክሲዎች ናይትሮ ያገኛሉ። ሚሽኖቹ ከመክበዳቸው በፊት አምቡላንሱን ብቻ እንኳ ብትጨርሱ በኋላ ትመርቁኛላችሁ። መዋኘትም ሳንባ ያሳድጋል። አንድ ሚሽን ላይ ሳንባችሁ ካልደረሰ ጌሙ ራሱ ሂድና ተለማመድ ይላችኋል፤ ብዙ ሰው ተጣብቆ የሚቀረውም እዚያ ነው።

አንዳንዱን ደግሞ ሠሪዎቹ ሆን ብለው ደብቀውታል። ሬዚደንት ኢቭል 4 የሚባለው ጌም ደጋግማችሁ ስትሞቱ ሳይነግራችሁ ይቀልላችኋል፤ ጎበዝ ስትሆኑ ይከብዳል። ይህን ማወቅ ደስ ይላል እንጂ ብዙም የምታደርጉበት ነገር የለም።

ስልክ ላይ የተኩስ ጌሙን ፐብጂ ሞባይልን ነው የያዝኩት። አንደኛ፣ ትንሿን ካርታ እዩ። በአቅራቢያ የሚራመድ ሰው ካለ የእግር ምልክት ይወጣል፤ ተኩስም እንዲሁ። ኢርፎን ለሌለው ሰው ይህ ጆሮ ነው። ሁለተኛ፣ ሴቲንግ ውስጥ ፒክ አፕ የሚል ክፍል አለ። የትኛውን ዕቃ ስንት ስንት እንደሚያነሳ መወሰን ይቻላል። ያን ጊዜ ቦርሳችሁ በማትተኩሱት ጥይት አይሞላም። ሦስተኛ፣ የዓይን ምልክቷን ይዛችሁ ብትጎትቱ ሩጫችሁን ሳትቀይሩ ዙሪያችሁን ታያላችሁ። በተኖቹን ማስፋትና ቦታቸውን መቀየርም ይቻላል። አውራ ጣቱ ትልቅ ለሆነ እንደኔ ላለ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ከጌሙ ውጪ ወዳሉት። የቲቪው ጌም ሞድ ከሁሉም በላይ የገረመኝ ነው። ዘመናዊ ቲቪ ምስሉን ለማሳመር ትንሽ ይዘገያል። ለፊልም ምንም አይደለም። ለጌም ግን ከጣታችሁ እስከ ስክሪኑ ያለው ጊዜ ይረዝማል። የምስል ሴቲንግ ውስጥ ጌም የሚለውን ስትመርጡ ያ ማሳመር ይቀራል፣ መዘግየቱም ይቀንሳል። ጋሼ መጀመሪያ ሪሞቱን ሳነሳ ደንግጠው ነበር።

"ተው ልጄ፣ ቲቪዬን እንዳታበላሽብኝ!"

"ጋሼ፣ አይበላሽም። ካልወደዱት አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።"

ቀለሙ ትንሽ ደብዘዝ አለባቸውና ቅር አላቸው። ሁለት ጨዋታ ተጫወቱና ሪሞቱን ኪሳቸው ከተቱት። ማንም እንዳይመልሰው።

መብራት ነገርም አለ። ፕሌይስቴሽን 4 በድንገት ሲጠፋ፣ በሚቀጥለው ስታበሩት በአግባቡ አልተዘጋም ብሎ ይወቅሳችሁና ሃርድ ዲስኩን ይፈትሻል። ይህ ሲደጋገም ሜኑው መጎተት ሊጀምር ይችላል። ብዙ ሰው ያኔ ወደ ጥገና ይወስደዋል። ከዚያ በፊት ይህን ሞክሩ። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የማብሪያውን በተን ተጭናችሁ ያዙ። ሁለተኛው ድምፅ ሲሰማ ልቀቁት፤ ሰባት ሰከንድ ገደማ ነው። ሴፍ ሞድ ይከፈታል። ጆይስቲኩን በኬብል አገናኙና 5ኛውን፣ ሪቢልድ ዳታቤዝ የሚለውን ምረጡ። ጌማችሁንም ሴቫችሁንም አያጠፋም። 6ኛውንና 7ኛውን ግን እንዳትነኩ፤ እነሱ ሁሉንም ይጠርጋሉ። ሴቫችሁን በፍላሽ መገልበጥም ይቻላል፤ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት የሚለው ውስጥ ነው። እኛን በመሰለ መብራት ላይ ለሚኖር ሰው ይህን ጌሙ ሲጀመር ሊነግሩን በተገባ ነበር።

ጆይስቲኩ አልገናኝ ካለም ወዲያው አትጣሉት። ከኋላው፣ ኤል 2 አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ማሽኑን አጥፍታችሁ በቀጭን ነገር ጥቂት ሰከንድ ተጫኗት፤ ከዚያ በኬብል አገናኙትና የፒኤስ በተኑን ተጫኑ።

በስተመጨረሻ የሼር በተን። ፕሌይስቴሽን 4 ሳትጠይቁት የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ይቀዳል። ሼርን ተጭናችሁ፣ ቀጥሎ አራት ማዕዘኑን ስትጫኑ ያስቀምጥላችኋል። ሰው ጎሉን ለማሳየት ነው የሚጠቀምበት። እኔ የገባብኝን ጎል ለማየት ነው የምጠቀምበት። ተከላካዮቼ የት እንደቆሙ ስታዩት ታፍራላችሁ፤ ግን አር 1ን መሐል ላይ መያዝ የተውኩት በዚህ ነው።

አሁን የያዝኩት የፐብጂን ጋይሮስኮፕ ነው። ስልኩን ራሱን በማዘንበል ማነጣጠር ማለት ነው። ሁልጊዜ እንዲሠራ ሳደርገው ግራ ስለገባኝ ስኮፕ (የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር) ሲከፈት ብቻ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። ረጅም ርቀት ላይ እጄ መረጋጋት ጀምሯል፤ ቅርብ ላይ ግን ገና ነኝ። ርካሽ ስልኮች ላይ ሴንሰሩ ላይኖር ስለሚችል ሳትሞክሩ አትማረሩ። ኮምቦልቻና ወልድያ ያላችሁ፣ ሁልጊዜ ክፍት አድርጋችሁ የምትጫወቱ ካላችሁ ሴንሲቲቪቲውን ስንት ላይ እንዳደረጋችሁት ላኩልኝ። የስልካችሁንም ሞዴል ጨምሩበት፤ ያለሱ ቁጥሩ አይሠራልኝም።