ከኢንቨርተሩ እስከ ሞተሩ ያለው ኬብል

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መፈልፈያና ማበጠሪያ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ገለባውን የሚስበው ፋን ቀላል የቡና ፍሬዎችን አብሮ እንዳይወስድ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ኢንቨርተር ስንገጥም፣ ኬብሉን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ያየሁትም የሞተሩን አምፔርና የሽቦውን ውፍረት ብቻ ነው። 60 ሜትር ያህል ተራ የፒቪሲ ኬብል ዘርግቼ ከሚዛኑ የሲግናል ሽቦ ጎን አስተኛሁት።

ፋኑ በተነሳ ቁጥር የሚዛኑ ቁጥር ይዋዥቅ ጀመር። እኛ ግን ሚዛኑን ጠርጥረን ብዙ ቀን አባከንን። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ ማጉረምረም ሲጀምር ኩሽኔታውን አውጥቼ ቀለበቱን ሰንጥቄ በባትሪ ብርሃን አየሁት፤ ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሸብሽቧል። ኩሽኔታውን ብቀይርም ዝናቡ በበረታበት ሐምሌ ሞተሩ ራሱ ተቃጠለ። የጠቀለለው ባለሙያ ሲያሳየኝ ጥቅልሉ በሙሉ አልጠቆረም፤ የተበሳሱት በመግቢያው በኩል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ያኔ ነው። ኢንቨርተር 380 ቮልቱን ወደ 540 ቮልት ገደማ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ለውጦ፣ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ይልከዋል። እያንዳንዱ ምት ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚነሳ፣ በረጅም ኬብል ተጉዞ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ነጥሮ ይመለሳል፤ የሚመለሰው በሚመጣው ላይ ሲደረብም በሞተሩ ተርሚናል ላይ ከ1000 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ከኬብሉና ከሞተሩ የሚያፈተልከው ጅረት ወደ ኢንቨርተሩ የሚመለስበት ምቹ መንገድ ካጣ፣ በኩሽኔታውና በአቅራቢያው ባገኘው ብረትና ሽቦ ያልፋል።

ስለዚህ የሽቦዎቹ ሽፋን ኤክስኤልፒኢ የሚባለው ከፒቪሲ የጠነከረ ፕላስቲክ የሆነ፣ ሦስት የኧርዝ (የመሬት) ሽቦዎች ኃይል በሚያደርሱት ሦስት ሽቦዎች፣ በፌዞቹ፣ መካከል እኩል የተቀመጡበት፣ ዙሪያውን በመዳብ ሺልድ (መከለያ) የተሸፈነ ኬብል ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ዋጋው ከተራው እጅግ ስለሚበልጥ ኃላፊዬ የተስማሙት የማስጠቀለያውን ወጪና ሥራ የቆመባቸውን ቀናት ደምሬ ካሳየኋቸው በኋላ ነው። ኬብሉ ብቻውን የምቱን ነጸብራቅ ስለማያስቀር ኢንቨርተሩ ያለበትን ፓኔል ወደ ሞተሩ አቅርቤ ርቀቱን ወደ 20 ሜትር አሳጠርኩ፤ የሲግናሉን ሽቦም በሌላ መንገድ አሳለፍኩ።

ያም ሆኖ ሺልዱን እንደ ሹሩባ ጎንጉኜ በአንድ ብሎን አስሬው ስለነበር የሚዛኑ መዋዠቅ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ይህን ክፍል ማንም እንዳያልፈው አጥብቄ እመክራለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ፈጣን ጅረት ቀጭን ጉንጉን ጠባብ በር ነው። ፈትቼ በሁለቱም ጫፍ፣ ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ፣ ሺልዱን ዙሪያውን በሚጨብጥ ማሰሪያ ሳስረው ቁጥሩ ወዲያው ረጋ።

አሮጌውን ኬብል አልጣልኩትም። ያለ ኢንቨርተር በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በቀጥታ የሚነሳውን የውኃ ፓምፕ ያለ ምንም ችግር እያሠራ ነው።