አስትሮሳይት ራሱ ነው የመለሰው ወይስ ማይክሮግሊያ?

ስለ አንጎል ብግነት ሲወራ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ማይክሮግሊያ ነው። የአንጎል ዋና የመከላከያ ሴል ስለሆነ ይገባዋል። እኔን የሳበኝ ግን አስትሮሳይት ነው። ኒውሮኖችን ይደግፋል፣ ሲናፕስን ይንከባከባል፣ የደም ሥሮችን በእግሮቹ ያቅፋል። በዚያ ላይ የጀርም ምልክት የሚለዩ ተቀባዮች አሉት። ቲኤልአር-3 የቫይረስ ድርብ አርኤንኤን ያውቃል። ቲኤልአር-4 ደግሞ ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች ሽፋን የሚመጣውን ኤልፒኤስ ያውቃል።

ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ አስትሮሳይት ኤልፒኤስ ሲደርስበት ራሱ ይነሳል ወይስ ማይክሮግሊያ ቀስቅሶት ነው?

ማካርቲና ዴ ቬሊስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መንገድ ጀመርኩ። ገና ከተወለዱ አይጦች የአንጎል ኮርቴክስ ሴሎች ይወሰዱና ፍላስክ ውስጥ ያድጋሉ። ከሳምንት በላይ ሲቆዩ አስትሮሳይቶች እንደ ምንጣፍ ከሥር ይነጠፋሉ። ማይክሮግሊያዎች ከላይ ላላ ብለው ይቀመጣሉ። ፍላስኩ ሼከር በሚባል የሚንጥ ማሽን ላይ ሲያድር ብዙዎቹ ማይክሮግሊያዎች ይራገፋሉ።

ብዙዎቹ እንጂ ሁሉም አይደሉም። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ማይክሮግሊያ ለኤልፒኤስ በጣም ስሜታዊ ስለሆነ የቀሩት ጥቂቶች ብቻ ውጤቱን ሊቀይሩት ይችላሉ። ስለዚህ ሴሎቹን በሦስት ከፈልኳቸው። አንዱን በመናጥ ብቻ ተውኩት። ሁለተኛውን ሉሲን ሜቲል ኤስተር በሚባል ኬሚካል አጸዳሁት፤ ይህ ኬሚካል እንደ ማይክሮግሊያ ሊሶሶም (የሴል ውስጥ መፍጫ ከረጢት) የበዛባቸውን ሴሎች ይገድላል። ሦስተኛውን ካጸዳሁ በኋላ ማይክሮግሊያ መልሼ ጨመርኩበት። ይህ ሦስተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ «ኬሚካሉ አስትሮሳይቶቹን ጎድቷቸው ይሆናል» ለሚል ሰው መልስ አልነበረኝም።

ንጽህናውንም የአስትሮሳይት መለያ ፕሮቲን በሆነው በጂኤፍኤፒ ብቻ አልለካሁም። ጂኤፍኤፒ አስትሮሳይት መኖሩን እንጂ ማይክሮግሊያ አለመኖሩን አይነግርም። የማይክሮግሊያ መለያ የሆነውን አይባ-1ን ለብቻው አቅልሜ ቆጠርኩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ምትክ የለውም።

ከዚያ ኤልፒኤስ ሰጥቼ ሴሎች በብግነት ጊዜ የሚለቁትን የመልእክት ፕሮቲን አይኤል-6ን ለካሁ። በመናጥ ብቻ በቀረው ቡድን ምላሹ ትልቅ ነበር። በጸዳው ቡድን ወደቀ። ማይክሮግሊያ ሲመለስ ምላሹም ተመለሰ። የቫይረስ አርኤንኤን በሚመስለው ፖሊ አይሲ ስሞክር ግን የጸዱት አስትሮሳይቶችም መለሱ፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቲኤልአር-3 በእርግጥ የራሳቸው ነው ማለት ነው። ይህን ተቀባይ ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2007 የቲኤልአር-3 ጉድለት ያለባቸው ልጆች በሄርፒስ ቫይረስ ለሚመጣ የአንጎል ብግነት እንደሚጋለጡ ታይቷል።

የኤልፒኤሱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሊድሎውና ባልደረቦቹ ካሳዩት ጋር ይገጥማል። የተቀሰቀሰ ማይክሮግሊያ አይኤል-1 አልፋ፣ ቲኤንኤፍ እና ሲ1ኪው የሚባሉ የመከላከያ ፕሮቲኖችን ይለቃል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲደርሱት አስትሮሳይት ድጋፉን ትቶ ኒውሮን ወደሚገድል ሴል ይለወጣል። እንዲህ ያሉ አስትሮሳይቶች በአልዛይመር፣ በፓርኪንሰንና በመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን አንጎል ውስጥም ተገኝተዋል። ስለዚህ ለእነዚህ በሽታዎች የጀርም ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን የሳይቶካይን (እንደ አይኤል-6 ያሉ የመልእክት ፕሮቲኖች) ተቀባዮቹንም መመልከት አለብን ባይ ነኝ።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ይጠቅማል። ለሴሎች ማሳደጊያ የሚጨመረው ሲረም (የደም ፈሳሽ) ጤነኛ አንጎል ውስጥ የማይገቡ የደም ፕሮቲኖችን ይዟል፤ አስትሮሳይቶቹ ገና ሳትነኳቸው ወደ መነሳት ግማሽ መንገድ ሄደው ይጠብቋችኋል። ከተቻለ ያለ ሲረም አሳድጉ። ሌላው፣ ከአልዛይመርና ከፓርኪንሰን ጋር የሚያያዙት ፕሮቲኖች፣ አሚሎይድም ሆነ አልፋ ሲኑክሊን፣ ለሙከራ ባክቴሪያ ውስጥ ከተሠሩ ኤልፒኤስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ፕሮቲኑ ቲኤልአር-4ን ቀሰቀሰ ከማለታችሁ በፊት ኢንዶቶክሲኑን (ይኸው ኤልፒኤስ ነው) ለኩ።

አሁን ከሰው ስቴም ሴል በተገኙ አስትሮሳይቶች እየሞከርኩ ነው። ማይክሮግሊያ የሚወለደው ከሌላ የዘር ሐረግ ስለሆነ እዚያ ሳህን ውስጥ በራሱ አይገባም። የሚቀረኝ በፈለግኩት መጠን መጨመር ብቻ ነው።