«ከ0 ወደ 8 ያደረሳችኋቸው እናንተ ናችሁ»

ይህን የተናገሩት አንድ ከፍተኛ የካንሰር ሐኪም ናቸው፤ ያውም ባለሙያው ሁሉ በተሰበሰበበት የታካሚዎች ውይይት ላይ፣ ወደ ሥነ ልቦና ክፍላችን እያመለከቱ። ጊዜው ቢርቅም ንዴቱ አልበረደልኝም።

ይህ የተባለላቸው ሴትዮ የጡት ካንሰር ታካሚ ናቸው። ለኬሞቴራፒ በመጡ ቁጥር ነርሷ ከ0 (ምንም ጭንቀት የለም) እስከ 10 (እጅግ ከባድ ጭንቀት) ቁጥር የተደረደረበትን የጭንቀት መለኪያ ወረቀት ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም ሁልጊዜ 0 ላይ ያከብባሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ወረቀቱን ያያል። ሐኪሙ በፋይላቸው ላይ «መንፈሰ ጠንካራ» ብለው ጽፈው ነበር፤ ሌላ ታካሚ ሲያለቅስ ደግሞ «እሳቸውን አታይም?» ይላሉ። ወደ እኛ የሚላከው 4 እና ከዚያ በላይ ያከበበ ስለሆነ፣ ክፍላችን ሴትዮዋን አያውቃቸውም ነበር።

ያገኘኋቸው በሽታው ወደ አጥንት መዛመቱ ከተነገራቸው በኋላ ነው። ልጃቸው መድኃኒት ሊያወጣ ሄዷል። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣

«ልጄ፣ አንድ ሌሊት አልቅሻለሁ። በዚያ ይሆን?» አሉኝ።

«በዚያ ምን ይሆናል?»

«የተዛመተው ነዋ። በርቺ እያሉኝ አልበረታሁም።»

በዚህ ሥራ ብዙ ከባድ ነገር ሰምቻለሁ። ሰው ሕመሙ ሳያንሰው የሕመሙን ጥፋት ጭምር ተሸክሞ ሲመጣ ግን አልችለውም። «አይደለም እናቴ፤ እንባ ካንሰር አያዛምትም» አልኳቸው። ያላመኑኝ ስለመሰለኝ ደግሜ ነገርኳቸው። ከዚያ አለቀሱ፤ እኔም እስኪበቃቸው ጠበቅሁ።

ይህን ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከ1,000 በላይ የራስና የአንገት ካንሰር ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ የስሜታቸው ሁኔታ የመትረፍ ዕድላቸውን እንደማይተነብይ አሳይቷል። የካንሰር ሥነ ልቦና ሕክምናን መሠረት ከጣሉት አንዷ የሆኑት የሥነ አእምሮ ሐኪም ጂሚ ሆላንድም በጎ በጎውን ብቻ አስቡ የሚለውን ጫና አምባገነንነት ብለውታል። ጭንቀትን የምናክመው ራሱ ስቃይ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

ወረቀቱን እንደገና ሰጠኋቸው። 8 ላይ አከበቡ። ከመለኪያው ጎን ካሉት የችግር ዝርዝሮች ውስጥ እንቅልፍን፣ ፍርሃትንና የልጃቸውን ነገር መረጡ። እንቅልፉን ከሐኪሞቹ ጋር ስንመረምረው ለማቅለሽለሽ የታዘዘላቸውን፣ እንቅልፍ ሊነሣ የሚችለውን ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱት ማታ ማታ ነበር። ወደ ጠዋት ሲዛወር ሌሊቱ ቀለለላቸው። ይህ ሁሉ በዚያ 0 ሥር ተቀብሮ የቆየ ነው።

በውይይቱ ላይ ሐኪሙ ያንን የተናገሩት እንግዲህ ይህን 8 አይተው ነው። «ቴርሞሜትር ትኩሳት አያመጣም፤ 8ቱ ድሮም ነበር» አልኩ። «ተስፋቸውን አትንኩብኝ» ሲሉ መለሱልኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ታካሚ ሲሞትባቸው ቀኑን ሙሉ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን የእሳቸው «በርቺ» ሴትዮዋን የሚያለቅሱበት ቦታ አሳጥቷቸዋል። ያንን ፊት ለፊት ነገርኳቸው፤ ዛሬም እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነርሶቹ ወረቀቱን የሚሰጡት ታካሚው ብቻውን ሲሆን ነው። ቅር የሚላቸው ቤተሰቦች አሉ። ያለ ቤተሰባቸው መልስ መስጠት የማይፈልጉ ታካሚዎችም አሉ፤ እነሱን አናስገድድም።

በመጀመሪያ የተቆጣው ልጃቸው ነበር። ቆይቶ ግን ለብቻው መጣና «በርቺ ካላልኩ ምን ልበላት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዛሬ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቋቸው፤ ደህና አይደለሁም ካሉም ለማስተካከል አይቸኩሉ» አልኩት። ጥያቄው ግን በዚያ አላበቃም፤ እሱም እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል፣ ሥራውንም ሊለቅ እያሰበ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ቆሞ፣ የበሩን እጀታ እንደያዘ ነው። እኛ ዘንድ ለአስታማሚ ቀጠሮ የሚያዝበትም ሆነ ፋይል የሚከፈትበት አሠራር የለም። በሚቀጥለው ውይይት ላይ የማነሣው ይህንን ነው፤ ያ ሐኪምም እንዲደግፉኝ አስቀድሜ ላነጋግራቸው አስቤያለሁ።