ወንበር ወደ ኋላ ከመልቀቅ በፊት

ዛሬ ከጅማ አዲስ አበባ በረራ ላይ አንድ ወጣት ወንበሩን በአንዴ ወደ ኋላ ለቀቀው። ከኋላ የተቀመጡት አባት ጉልበታቸውን ይዘው «ልጄ፣ ቀስ በል እንጂ» አሉት። «ይቅርታ አባባ» ብሎ ወዲያው መለሰው።

ወንበሩን የሚያዘነብለው ቁልፍ ያለው ክንድ ማሳረፊያው ላይ ነው። ሲጫኑት መቆለፊያው ይለቃል፤ ያኔ ሙሉ ክብደትን ከጣሉበት ጀርባው በኃይል ይሄዳል። የኋላው ሰው ቡና ይዞ ከሆነማ በላዩ ላይ ይደፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዞር ብሎ ማየት፣ ከዚያ ቁልፉን ተጭኖ በትንሽ በትንሹ መግፋት። በኢኮኖሚ ክፍል ከአንዱ ወንበር ጀርባ እስከ ቀጣዩ ጀርባ ብዙ ጊዜ ከ76 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የወንበሩ ውፍረት ሲቀነስ ለረጅም ሰው ጉልበት ምንም አይተርፍም።

ምግብ ሲቀርብ ቀና ማድረግ ጨዋነት ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ግን ግዴታ ነው፤ ያዘነበለ ወንበር በአደጋ ጊዜ የኋላውን ሰው መውጫ ያጠብበታል። የጅማው በረራ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ወገቡን ካላመመው በቀር ማንም ባያዘነብለው እመርጣለሁ።