ዋለልኝን ቡና ላይ ስናነበው

ደሴ ላይ የዋለልኝ መኮንን ስም ከተነሳ ሁሉም አስተያየት አለው። እዚሁ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረ የወሎ ልጅ ነው። ኅዳር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ያወጣው የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ ዛሬም ያከራክረናል። ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራን ቋንቋና ባህል መልበስ ግድ ሆኗል፣ ብሔረሰቦች እኩል አይደሉም ይላል። አንዱ አገር አፍራሽ ይለዋል፣ ሌላው ነጻ አውጪ።

ቅዳሜ ቡና ላይ የምንሰበሰበው መምህራንም እንደዚያው ነበርን። በቀደም ግን አንዱ ጽሑፉን አትሞ አመጣና ጮክ ብሎ አነበበልን። አጭር ናት፤ አቦሉ ሳይወርድ አለቀች።

ሁለቱም ወገን ደነገጠ። ዋለልኝ መገንጠልን በመገንጠልነቱ አልቃወምም ይላል። እዚያው ላይ ግን የኤርትራንና የባሌን እንቅስቃሴዎች ሶሻሊስት ስላልሆኑ አይዘልቁም ብሎ ይነቅፋል። ይህን የሚጠቅስ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ «ጥያቄው ልክ ነበር፣ የፈጀን መድኃኒቱ ነው» አሉ።

የሲቪክስ መምህሯ አልተቀበለችም። «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል። በ66ቱ ረሃብ ያለቀው የወሎ ገበሬ ገዢ ነበር? አማርኛ መናገሩ ምን አተረፈለት?»

«ልጄ፣ እሱ የጻፈው በ62 ነው። ኅዳር 65 ከጓዶቹ ጋር አውሮፕላን ሊጠልፉ ሲሉ ተገደለ። ያንን እልቂት መች አየው?»

«ገበሬው በ62ም ድሃ ነበር።»

ጋሼ ዝም አላሉም፣ በረካ እስኪጠጣ ተከራከሩ። እንዲህ ያለ ክርክር ነው የናፈቀኝ!

ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በክርስቶስ ልደት ትምህርት የተለያዩትን የተዋሕዶንና የሦስት ልደትን ሊቃውንት እዚያ ሰብስበው አከራከሩ። ሊቃውንቱ የዕውቀት ሰዎች ነበሩ፤ ፍርዱ ግን የንጉሥ ሆነ። የተረታው ሐሳቡን ይዞ መኖር አልቻለም። ቀጥሎም የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። ዛሬም ምሁራን ሲከራከሩ የአንዳንዶቹ ዓይን ወደ ባለሥልጣኑ ሲያይ ቦሩ ሜዳ ትዝ ይለኛል። እዚያ ላይ ክርክሩ አልቋል፣ የቀረው ዐዋጅ ነው።

እኔ ወደ መምህሯ አደላለሁ። ዋለልኝ የገዢውን ቋንቋ የሚናገረውን ድሃ በቅጡ አልቆጠረውም። የጋሼም ነገር ግን ከልቤ አልወጣም፤ ጥያቄው ያኔ ባይነሳ ኖሮ ማን ያነሳው ነበር? በሚቀጥለው የምንጀምረው ከዚህ ነው።