በድርቅ ወራት በኦክስፎርድ ካናል፦ ውኃ መጠበቅን የተማርኩበት ጉዞ

እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዝ በጋ ሊያበቃ ሲል፣ እኔና ባለቤቴ 17 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ያህል ወርድ ያላት ናሮውቦት የምትባል ጠባብ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ተከራይተን፣ ኦክስፎርድ ካናል በሚባለው ሰው ሠራሽ የጀልባ መተላለፊያ ከናፕተን መንደር እስከ ባንበሪ ከተማ ደርሰን ተመለስን። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሙቀቱ በአገሪቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ፣ በነሐሴ ደግሞ በብዙ አካባቢዎች ድርቅ መግባቱ በይፋ ተነግሮ ስለነበር፣ ከጉዞው በፊት ያማከርናቸው ሰዎች አጥብቀው የነገሩን ስለ ጀልባ አነዳድ ሳይሆን ስለ ውኃ ነበር።

ነገሩን የተረዳሁት ግን ናፕተን ላይ የሚገኙትን 9 ሎኮች ስንወጣ ነው። ሎክ በግንብ የታጠረ፣ ከላይና ከታች በከባድ በሮች የሚዘጋ የውኃ ክፍል ነው፤ ጀልባው ከገባ በኋላ ፓድል የሚባሉት የውኃ መዝጊያዎች በእጅ በሚዞር ብረት ይነሡና ክፍሉ ሲሞላ ጀልባው ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ ይላል። በእያንዳንዱ ጊዜ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። ከዘጠኙ ሎኮች በኋላ የሚገኘው 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የካናሉ ከፍተኛ ክፍል በሁለቱም ጫፎቹ ወደ ታች የሚያፈስ በመሆኑ፣ የሚተማመነው ቦዲንግተንን በመሳሰሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ላይ ነው። አንድ ጀልባ ከናፕተን ወጥቶ በሌላኛው ጫፍ በክሌይደን ሎኮች ሲወርድ ከዚህ ክፍል ሁለት ሎክ ሙሉ ውኃ ይወስዳል፤ አንዱን ሲወጣ፣ ሌላውን ሲወርድ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርቴ መታገሥ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ጀልባ ሎኩን ሞልቶ ትቶት ስለሚሄድ፣ ከላይ የሚመጣ ሌላ ጀልባ በዚያው ውኃ ይወርዳል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ጀልባ እያየን ሎኩን ለራሳችን መሙላት ወይም ማጉደል ግን ያን ሁሉ ውኃ በከንቱ ማፍሰስ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ስሕተት የደረሰው በመመለሻችን፣ ክሮፕሬዲ መንደር አጠገብ ካለው ሎክ በላይ ባደርንበት ሌሊት ነው። መሽቶብን ስለነበር የላይኛውን ፓድል እስከ መጨረሻው ሳላወርደው ቀርቻለሁ፤ የታችኛው በር ደግሞ በስንጥቁ ያፈስ ነበር። ንጋት ላይ ስንነቃ ውኃው በጣም ጎድሎ፣ ጀልባችን በአንድ ጎኗ ጭቃው ላይ ተቀምጣ፣ ዕቃችን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተንሸራቶ አገኘነው። ገመዶቹን አጥብቄ ማሰሬ ዘንበል ማለቱን አባሰው። ከላይኛው ሎክ ራሴ ውኃ ልልቀቅ ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ከዚያ ሎክ በላይ ያለውንም የካናሉን ክፍል እንዳላደርቅ ከለከለችኝ፣ ትክክልም ነበረች። ለካናሉ ሠራተኞች ደወልን፤ የመጣው ሰው በላይኛው ክፍል ያለውን የውኃ ከፍታ እየለካ ውኃውን ጥቂት በጥቂት ለቀቀልን፣ ከሦስት ሰዓት በኋላም ተንሳፈፍን። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ፓድሎች ዞሬ በዓይኔ ሳላይ ከሎክ አልሄድኩም፤ ገመዱንም ትንሽ አላልቼ ማሰር ጀመርኩ።

አነዳዱም ቢሆን በጎደለ ውኃ ይለወጣል። ጀልባዋ ስትዘገይብኝ ሞተሩን አብዝቼ ነዳሁ፤ የኋላዋ ወደ ካናሉ ወለል እየሰመጠ ይበልጥ ዘገየች። ሞተሩን ስቀንስ ግን ቀለል ብላ ሄደች። መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነደፈው ይህ ካናል ኮረብታውን ላለመብሳት የመሬቱን ከፍታ እየተከተለ ስለሚጠማዘዝ፣ በየመታጠፊያው ውስጠኛ ዳር ደለል ይከማቻል፤ እኛም ሁለት ጊዜ እዚያ ከተያዝን በኋላ ሰፋ አድርገን መዞርን ለመድን።

በመጨረሻው ቀን ናፕተንን ስንወርድ አንዱ ሎክ ባዶ ሆኖ አገኘነው፤ ከታች ደግሞ የሌላ ጀልባ ጭስ ይታይ ነበር። ኮንትራታችን በዚያው ቀን የሚያበቃ ቢሆንም ቆመን ጠበቅን። ከ20 ደቂቃ በኋላ አንዲት አረጋዊት ሴት ጀልባቸውን እየመሩ ወጡ፤ እኛም እሳቸው በሞሉት ውኃ ወረድን።