ጥቁሩ ማሳና ቀዩ ማሳ

እነዋሪ አካባቢ በሰብል ጥበቃ ባለሙያነት ስሠራ ነው። በጥቅምት ወር አንድ አባት ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ የገባባቸውን ሁለት የስንዴ ማሳዎች እንድመለከትላቸው ጠሩኝ። እጃቸው ላይ ያለው ፀረ ዋግ ኬሚካል ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ቀድሞ የተዘራው ስንዴ አገዳው ጠቁሮ እሳት የላሰው ይመስላል። ዘግይቶ የተዘራው ገና አረንጓዴ ነው፤ አገዳው ላይ እዚህም እዚያም ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶበታል።

«ልጄ፣ ይህ ሳይሞትብኝ እንርጨው» አሉኝ ጥቁሩን እያሳዩ።

«አባቴ፣ የሚረጨው ያኛው ነው።»

ቅር አላቸው፤ አልፈረድሁባቸውም። ዓይን የሚደነግጠው በጥቁሩ ነው። የጋቢያቸውን ጫፍ በሁለቱም አገዳዎች ላይ እንዲያሹት ለመንኋቸው። ከጥቁሩ ምንም አልወጣም፤ ከቀዩ ግን ጋቢው ወዲያው ዱቄት ያዘ።

ያ ቀይ ዱቄት የፈንገሱ ኢ-ጾታዊ ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚበተን ደቃቅ መራቢያው ነው። ያለ ርክብ ራሱን እየደገመ ይባዛል፤ ስንዴ ላይ ባረፈ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ቁስል አብጅቶ ሺዎችን ይበትናል። ነፋስ ካገኘ ድንበር ይሻገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘው ዩጂ 99 የተባለው የዚሁ የአገዳ ዋግ ዝርያ በ2003 እኛ አገር ታይቷል። ኬሚካል ሊያቆመው የሚችለው ይህንን ነው።

ጥቁሩ ግን፣ ሰብሉ ሊደርስ ሲል የሚመጣ፣ ግድግዳው የወፈረ፣ አገዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀር ስፖር ነው። ጾታዊው ዑደት ከእርሱ ይጀምራል። ያን ጊዜ ስንዴው የተጎዳውን ያህል ተጎድቷል፤ መርጨት ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

«እንግዲያው ገለባውን ላቃጥለው?» አሉኝ። ለጅሩ ሰው፣ ሰንጋ ለሚቀልብ ሰው፣ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እንዳያቃጥሉት ነገርኋቸው። ከጥቁሩ ስፖር በቅሎ የሚወጣው ትንሽ ስፖር ስንዴን መያዝ አይችልም፤ የሚይዘው በርበሪስ የተባለውን፣ ውስጡ ቢጫ የሆነ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ይህን ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1865 በሙከራ አሳይቷል፤ አሜሪካኖችም ከ1918 ጀምሮ ቁጥቋጦውን በዘመቻ ነቅለዋል። ፈንገሱ የሚዳቀለው በዚያ ቅጠል ላይ ነው። አዲስ የፈንገሱ ዝርያ የሚወለደውም፣ ዋግን ይቋቋማል የተባለ የስንዴ ዝርያ የሚሸነፈውም ከዚህ ድቅል ሊሆን ይችላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸኛው ነው። ቁጥቋጦውን መመንጠር ብቻውን ግን እዚህ አይበቃም፤ ቀዩ ስፖር ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው በአረንጓዴ ስንዴ ላይ ይሸጋገራልና።

ቀዩ ማሳ በዚያው ሳምንት ተረጨ። እርሳቸውም ገደሉ አፋፍ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥቋጦ እንዳለ ነገሩኝና አብረን ሄድን። ቅጠሉን ገልብጠው ከሥሩ ዋጉ እዚያ መዳቀሉን የሚጠቁም ብርቱካናማ እብጠት መኖሩን እንዲያዩ አሳየኋቸው፤ ካገኙ ሳይነቅሉት እንዲጠሩኝ አደራ አልኋቸው፤ ናሙናው አምቦ ወደሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል እንዲላክ።